ዋናዎቹ ያልመጡበት ወርቅ ወርቅ ነው? (የሪትሚክ ጅምናስቲክ የውድድር ታሪክ)

ሪባን_6ሜትር፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ማታ የድሮ የኦሊምፒክ ቪዲዮ ሳይ አምሽቼ እንቅልፍ አጣሁ። ያየሁት የ1984ቱን ሎስ አንጀለስ ነው፣ ሪትሚክ ጅምናስቲክ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባበትን። ወርቁን የወሰደችው ካናዳዊቷ ሎሪ ፈንግ ናት። ብሩ የሩማንያዋ ዶይና ስታይኩሌስኩ፣ ነሐሱ የምዕራብ ጀርመኗ ሬጊና ዌበር ሆነ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።)

ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን ሳነብ ግን ግማሹ ሰው «ይሄማ ወርቅ አይባልም፣ ቡልጋሪያና ሶቪየት መች ነበሩ» ይላል። ከምሬ ተናደድኩ። ልጅቷ ምን ታድርግ? የመጡትን አሸነፈች። ያልመጣ ሰው እንዴት ይሸነፋል?

እኔ የምለው ይሄ ነው። በዚህ ስፖርት ታሪክ የጎደለ ሰው ያልነበረበት ጊዜ ጥቂት ነው። 1975 ላይ ጎድሏል። 1984 ላይ ጎድሏል። 1992 ላይ ጎድሏል። ከ2022 እስከ 2024ም ጎድሏል። የሎሪን ወርቅ «ግን» እያልን የምንጠራው ከሆነ ሌሎቹንም «ግን» ልንላቸው ነው። ወይ ለሁሉም፣ ወይ ለማንም።

ምን ትላላችሁ?

ቁጥር_አይዋሽም፦

በትህትና አልስማማም። ሎሪ ጎበዝ ናት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት የዓለም ሻምፒዮናዎች እንይ። 1981 ሙኒክ ላይ አንደኛ የወጣችው አኔሊያ ራሌንኮቫ ናት። 1983 ስትራስቡርግ ላይ ዲሊያና ጌኦርጊዬቫ። ሁለቱም ቡልጋሪያውያን ናቸው። ጌኦርጊዬቫ ደግሞ 1985 ቫላዶሊድ ላይ ደገመችው። ማለትም ሎስ አንጀለስ ከፊቱም ከኋላውም በእሷ ድል የተከበበ ነው። በመካከሉ ያለው ኦሊምፒክ ላይ ግን የለችም።

ሎስ አንጀለስን ቦይኮት ያደረጉት (በፖለቲካ ምክንያት አንሄድም ያሉት) አገሮች በዚያው ዓመት የራሳቸውን ውድድር አዘጋጅተው ነበር። የሪትሚኩ ሶፊያ ላይ ነው የተካሄደው። ቡልጋሪያውያኑ እዚያ ተወዳደሩ፣ ዓለም ግን የሚያስታውሰው ሎስ አንጀለስን ነው። እና ፍትሕ የጎደለባቸው እነማን ናቸው? እኔ የማዝነው ለእነሱ ነው።

ሪባን_6ሜትር፦

ለእነሱ ማዘን ትክክል ነው፣ እኔም አዝናለሁ። ግን ለእነሱ ለማዘን የሎሪን ሜዳሊያ መቀነስ ለምን ያስፈልጋል? ቦይኮቱን የወሰነችው እሷ አይደለችም። ደግሞ «የምሥራቁ አልመጣም» ስንል ሩማንያ መጥታ እንደነበር አንርሳ። ስታይኩሌስኩ በሞስኮ ትእዛዝ ካልተገዛችው አገር መጥታ ነው ብሩን የወሰደችው። ሎሪ እሷን በልጣ ነው ያሸነፈችው። ለኔ ይሄ ቀላል አይደለም።

አዲስ_ተመልካች፦

ይቅርታ መሃል ልግባ። እኔ ይሄን ስፖርት ማየት የጀመርኩት ከፓሪስ ኦሊምፒክ ወዲህ ነው። ከሌላው ጅምናስቲክ ጋር ያለው ልዩነት በደንብ አልገባኝም። ግልብጥብጡ የተከለከለ ነው? መሣሪያዎቹስ እነማን ናቸው? እና ለምን ሴቶች ብቻ?

ዱላና_ኳስ፦

እንኳን ደህና መጣህ። እኔ በልጅነቴ 8 ዓመት ሠርቼዋለሁ፣ ስለዚህ ስለ ምንጣፉ እኔን ጠይቀኝ።

ምንጣፉ 13 በ13 ሜትር ነው። እንደ ሌላው ጅምናስቲክ ከሥሩ ስፕሪንግ የለውም፣ ዝላዩ ሁሉ ከራስህ እግር ነው የሚወጣው። ለብቻ የሚሠራው ከ75 እስከ 90 ሰከንድ ይፈጃል። በእጅህ ሁሌም አንድ ነገር አለ። ቀለበት (ወለሉ ላይ ሲቆም እስከ ወገብ አካባቢ የሚደርስ፣ 80 ወይ 90 ሳንቲሜትር)፣ ኳስ፣ ጥንድ ዱላ፣ ሪባን። ገመድም ነበር፣ ከ2011 ጀምሮ ከአዋቂዎች የነጠላ ውድድር ወጣ። እኔ ገመድ ስለምወድ ያን ጊዜ አልቅሻለሁ። ገመድ ቀጥ ብሎ አይቆምልህም፣ ቅርጹን የምትሰጠው አንተ ነህ። አንድ ሰከንድ ከዘነጋህ ይሞታል።

ሪባኑ ለአዋቂ 6 ሜትር ነው፣ የዚህን ክር ባለቤት ስም ልብ በል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲንቀሳቀስ መታየት አለበት። ቋጠሮ ከያዘ ነጥብ ይቆረጣል። አዳራሹ ውስጥ ማቀዝቀዣ ከተከፈተ ደግሞ ንፋሱ ይወስድብሃል፣ የለመድከው ውርወራ ሌላ ቦታ ይወድቃል። እኔ ሁሌ የምፈራው ሪባንን ነበር።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፤ ወደ ላይ ትወረውራለህ፣ መሣሪያው አየር ላይ እያለ ከሥሩ ትሽከረከራለህ፣ ዞረህ ሳታየው ትይዘዋለህ። የያዝከው በእግር ከሆነ ደግሞ አዳራሹ ይነሣል። ካልያዝከው ይንከባለላል፣ አንተም በሕዝብ ፊት ትሮጣለህ። ያን ሩጫ የሮጠ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሙዚቃው አይጠብቅህም።

ወንዶችም አሉ፣ በተለይ ጃፓን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ የወንዶች ሪትሚክ አለ። ኦሊምፒክ ላይ ግን የሴቶች ብቻ ነው።

የምንጣፉ_ዳር፦

ታሪኩን ከ1984 መጀመራችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር አለ።

ሥሩ የስዊድናዊው የፔር ሄንሪክ ሊንግ የሰውነት ማጎልመሻ ነው፣ ከዚያ የዳልክሮዝ የሙዚቃና የእንቅስቃሴ ትምህርት፣ ከዚያ የኢሳዶራ ደንከን ነፃ ዳንስ። እነዚህ ሁሉ ሌኒንግራድ ላይ ተገናኙ ማለት ይቻላል። በ1930ዎቹ እዚያ ሌስጋፍት ኢንስቲትዩት ውስጥ የእንቅስቃሴ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተና ወደ ስፖርት መቀየር ጀመረ። የሶቪየት የሀገር ውስጥ ውድድሮች በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ነበሩ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በ1952 ሄልሲንኪና በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ የሴቶች ጅምናስቲክ ውስጥ ቡድን ሆነው በእጅ መሣሪያ የሚሠሩት ውድድር ነበር። ሄልሲንኪ ላይ ስዊድን፣ ሜልቦርን ላይ ሀንጋሪ ወርቅ ወሰዱ። ከዚያ ውድድሩ ተሰረዘ። የዛሬው የቡድን ሪትሚክ አያቱ እሱ ነው ብዬ አስባለሁ። ማለት 28 ዓመት ሙሉ ከኦሊምፒክ ተባርሮ ቆይቶ ነው ሎስ አንጀለስ ላይ በሌላ መልክ የተመለሰው።

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ራሱን የቻለ ስፖርት ብሎ ተቀበለው። ያኔ ስሙ ዘመናዊ ጅምናስቲክ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና 1963 ቡዳፔስት ላይ ተካሄደ። 28 ልጆች ከ10 አገር መጡ፣ ሁሉም ከአውሮፓ። ሉድሚላ ሳቪንኮቫ ከሶቪየት አሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕራግ ላይ የቼኮዝሎቫኪያዋ ሃና ሚቼሆቫ ወሰደችው። 1967 ኮፐንሃገን ላይ ኤሌና ካርፑኪና፣ እንደገና ሶቪየት። የቡድን ውድድር የተጨመረውም ኮፐንሃገን ላይ ነው፣ ያኔ 6 ሆነው ነበር የሚሠሩት፣ አሁን 5 ናቸው።

ከዚያ ቡልጋሪያዊቷ ማሪያ ጊጎቫ መጣች።

የሶፊያ_ወዳጅ፦

እሰይ! ስሟን እስክትጠሩ ነበር የምጠብቀው።

ጊጎቫ 1969 ቫርና ላይ፣ 1971 ሃቫና ላይ፣ 1973 ሮተርዳም ላይ። ሦስት ተከታታይ። ሮተርዳም ላይ ከሶቪየቷ ጋሊማ ሹጉሮቫ ጋር እኩል ነጥብ ነበራቸው፣ ሁለቱም አንደኛ ተባሉ። አገሯ ትንሽ ናት፣ ከሶቪየት ጋር በምንም አትወዳደርም፣ በዚህ ምንጣፍ ላይ ግን ትወዳደራለች። በኋላም ታሸንፋለች።

ከዚያ ኔሽካ ሮቤቫ አሰልጣኝ ሆነች። ራሷም ተወዳዳሪ የነበረች፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ቡልጋሪያን የመራች ሴት ናት። ራሌንኮቫ፣ ጌኦርጊዬቫ፣ ፓኖቫ፣ ዱናቭስካ፣ ፔትሮቫ። ሁሉም የእሷ ናቸው። ሥራዎቻቸውን ብታዩ ፍጥነቱ ያስደነግጣል። ሌላው አገር ባሌት ሲሠራ እነሱ ድራማ ይሠሩ ነበር። እንደ ዘፈን ሳይሆን እንደ ንግግር ነው የሚንቀሳቀሱት። ሮቤቫ በጣም ጠንካራ፣ አንዳንዴም ጨካኝ አሰልጣኝ እንደነበረች ይነገራል፣ እሱን አልክድም። ያ ዘመን ለልጆቹ ከባድ ነበር። ግን የተሠራው ሥራ ዛሬም ቢታይ አያረጅም።

ቢያንካ ፓኖቫን ተመልከቱ። 1987 ቫርና፣ በገዛ አገሯ፣ 8 ጊዜ ምንጣፍ ላይ ወጣች፣ 8 ጊዜ 10 ተሰጣት። ያሉትን 5 ወርቆች (የአጠቃላዩንና የአራቱን መሣሪያዎች) በሙሉ ወሰደች። በዓመቱ ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ ስትሄድ ማንም ሌላ ስም አይጠራም ነበር። በማጣሪያው ተሳሳተችና አራተኛ ሆነች። አራተኛ! ሜዳሊያ የለም። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል።

ዱላና_ኳስ፦

የሴኡልን ሒሳብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የፓኖቫ ነገር የሚገባው በሒሳቡ ነው። የማጣሪያው ውጤት በግማሹ ይያዛል፣ የፍጻሜው ሙሉ ይደመራል። በማጣሪያ 4 ሥራ (በየመሣሪያው አንድ)፣ በፍጻሜ 4 ሥራ። ሁሉም ላይ 10 ካገኘሽ 20 እና 40፣ ድምሩ 60 ነው። የሶቪየቷ ማሪና ሎባች ድምር 60.000 ነበር። አንድ ሺህኛ እንኳ አልጎደለም። አድሪያና ዱናቭስካ 59.950። አሌክሳንድራ ቲሞሼንኮ 59.875።

እዩት እስቲ። በአንደኛና በሦስተኛ መካከል ያለው 0.125 ነው። በእንደዚህ ዓይነት ውድድር አንዲት ዱላ ከእጅሽ ካመለጠች ዓመቱ ሙሉ አበቃ። ሌሎቹ እስኪሳሳቱ መጠበቅ ዋጋ የለውም፣ አይሳሳቱም።

ለኔ ከሴኡል በኋላ ነው 10 ትርጉሙን ያጣው። ሁሉም ፍጹም ከሆነ ዳኛው በምን ይለያል? ከዚያ በኋላ ደንቡ በየጊዜው ተቀያየረ። ከፍተኛው ነጥብ 20 ሆነ፣ 30 ሆነ፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የክብደቱ ነጥብ (ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚለካው) ጣሪያው ተነሣ። የእስራኤሏ የሊኖይ አሽራም የቶኪዮ ኦሊምፒክ ድምር በ4 ሥራ 107.800 ነው። የሎባችን 60 ከእሱ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ሌላ ቋንቋ ነው።

ጣሪያው ሲነሣ ግን ሌላ ችግር መጣ። ልጆቹ በ90 ሰከንድ ውስጥ የቻሉትን ሁሉ መጠቅጠቅ ጀመሩ። ውርወራ፣ መያዝ፣ ውርወራ፣ መያዝ። ሙዚቃው ከኋላ የሚሰማ ነገር ሆነ። ለዚህ ነው ከ2022 ጀምሮ ለጥበቡ የተለየ የዳኞች ቡድን የተቋቋመው። ጥሩ ውሳኔ ነው እላለሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን።

አዲስ_ተመልካች፦

ስለ 60ው ስላስረዳሽኝ አመሰግናለሁ። አሁን የፓኖቫን ቪዲዮ ከፍቼ እያየሁ ነው። ፍጥነቱ እውነትም ያስደነግጣል።

ቁጥር_አይዋሽም፦

ወደ መጀመሪያው ክርክር ልመለስ። ሪባን_6ሜትር፣ 1975ን ጠቅሰሻል። የማድሪዱ የዓለም ሻምፒዮና ነው። ሶቪየት፣ ቡልጋሪያና ምሥራቅ ጀርመን አልመጡም። የምዕራብ ጀርመኗ ካርመን ሪሽለር አሸነፈች፣ በቡድን ጣልያን። ታዲያ ስለ ሪሽለር የሚያወራ ሰው አለ? የለም። ይሄ ራሱ ለኔ መልስ ነው። ሰው በልቡ ያውቀዋል።

ሪባን_6ሜትር፦

ሰው ስለማያውቅ ነው እንጂ አውቆ አይደለም። ሪሽለርን የሚያውቅ ቢኖር ይከራከርላት ነበር። አሁን እኔ አለሁላት።

1992ን ግን አላነሣህም። እሱን እኔ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የ1992ቱ ቦይኮት አይደለም። በሩ ክፍት ሆኖ አንዲት ልጅ ውጭ የቀረችበት ነው።

ሶቪየት ፈረሰች። ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ የቀድሞዎቹ ሪፐብሊኮች አንድ የጋራ ቡድን ሆነው ገቡ። ለሪትሚክ ሁለት ቦታ ነው ያለው። ቲሞሼንኮና ኦክሳና ስካልዲና ኪየቭ ውስጥ በአልቢና ዴሪዩጊና እጅ የተሠሩ ናቸው። ሩሲያ ደግሞ ኦክሳና ኮስቲና ነበረቻት፣ የኢርኩትስክ ልጅ፣ ቁመቷ ረጅም፣ እንቅስቃሴዋ እንደ ውሃ። ሩሲያውያኑ ከሁለቱ ቦታዎች አንዱ ለእሷ ይገባል አሉ። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሁለቱ የኪየቭ ልጆች ገቡ፣ ኮስቲና ቀረች። ቲሞሼንኮ ወርቅ፣ የስፔኗ ካሮሊና ፓስኩዋል ብር፣ ስካልዲና ነሐስ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ብራስልስ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ነበር። ኮስቲና ሄደች፣ አንደኛ ሆነች፣ የመሣሪያዎቹን ወርቆችም ጠቅልላ ወሰደች። ለራሷ የሚገባትን በምንጣፉ ላይ ተናገረች። ከዚያ በየካቲት 1993 በመኪና አደጋ ሞተች። 20 ዓመቷ ነበር።

ስለዚህ ቁጥር_አይዋሽም፣ የባርሴሎናን ወርቅ «ግን» ትለዋለህ? አትለውም። ማንም አይለውም። ቲሞሼንኮ ድንቅ ስለነበረች ነው፣ ተገቢም ነው። ግን በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ልጅ ኦሊምፒኩ ላይ አልነበረችም። ሎሪ ላይ ያለው ሚዛን እዚህ ለምን ይቀየራል?

የሶፊያ_ወዳጅ፦

ኮስቲናን ስላስታወስሽ አመሰግንሻለሁ። ከሪባን ሥራዋ በላይ የምወደው የለኝም።

ቁጥር_አይዋሽም፦

እሺ፣ እዚህ ላይ ይዘሽኛል። ኮስቲናን በዚህ ዓይን አላየኋትም ነበር።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። የጎደለ ሰው ብቻ አይደለም ውጤትን የሚያጠራጥረው። የተገኘ ዳኛም አለ። በ2000 የአውሮፓ ሻምፒዮና ዛራጎዛ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ? የዩክሬኗ ኤሌና ቪትሪቼንኮ፣ የ1997 የዓለም ሻምፒዮን፣ ወደ ታች ተገፋች። እናቷ አሰልጣኟ ናት፣ ተቃወመች፣ ከውድድሩም ወጡ። ፌዴሬሽኑ መርምሮ በርካታ ዳኞችን ቀጣ። ሲድኒ ኦሊምፒክ የቀረው ጥቂት ወር ነበር።

ሲድኒ ላይ ደግሞ ሩሲያዊቷ አሊና ካባዬቫ ወርቁን እንደምትወስድ ሁሉም አምኖ ነበር። ቀለበቱ አመለጣትና ከምንጣፉ ውጭ ተንከባለለ። የአገሯ ልጅ ዩሊያ ባርሱኮቫ አሸነፈች፣ የቤላሩሷ ዩሊያ ራስኪና ሁለተኛ፣ ካባዬቫ ሦስተኛ። በዓመቱ 2001 ማድሪድ ላይ ካባዬቫ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ በኋላ ፉሮሴማይድ የተባለ ፈሳሽ የሚያስወጣ መድኃኒት ተገኘባትና ተነጠቀች። ወርቁ ለዩክሬኗ ታማራ ዬሮፌዬቫ ተሰጠ። ዬሮፌዬቫ መድረኩ ላይ ቆማ መዝሙሯን ሳትሰማ ነው ሻምፒዮን የሆነችው። ካባዬቫ 2004 አቴንስ ላይ ተመልሳ ወርቅ ወሰደች።

የምንጣፉ_ዳር፦

የዬሮፌዬቫ ነገር ትክክለኛ ምሳሌ ነው። መጽሐፉ ላይ ስሟ አለ፣ ትዝታው ላይ ግን የለም።

ደግሞ ከሁሉ የሚገርመኝ የቡድኑ ታሪክ ነው፣ እናንተ ግን ሁሌ ስለ ነጠላው ነው የምታወሩት። የቡድን ውድድር ኦሊምፒክ የገባው 1996 አትላንታ ላይ ነው። ሁሉም ቡልጋሪያ ወይ ሩሲያ ሲል ስፔን አሸነፈች። ቡልጋሪያ ብር፣ ሩሲያ ነሐስ። ያን ቀን ማንም አልጎደለም፣ ሁሉም እዚያው ነበር። ከዚያ ከ2000 እስከ 2016 ሩሲያ 5 ተከታታይ ወርቅ ወሰደች። ቶኪዮ ላይ ቡልጋሪያ ሰበረችው። ፓሪስ ላይ ቻይና፣ ከአውሮፓ መድረክ ውጭ የሚወዳደር አገር የቡድኑን ወርቅ ሲወስድ የመጀመሪያው ነው።

አዲስ_ተመልካች፦

ፓሪስን ካነሣችሁ እኔ ያየሁት እሱን ነው። የጀርመኗ ዳርያ ቫርፎሎሜዬቭ ናት ስፖርቱን ያስወደደችኝ። ግን እንደምትሉት ከሆነ ሩሲያና ቤላሩስ ስላልነበሩ የእሷም ወርቅ «ግን» አለበት?

ዱላና_ኳስ፦

የለበትም! ይሄን ሳነብ ልቤ ደነገጠ።

2022 ሶፊያ ላይ ጣልያናዊቷ ሶፊያ ራፋዬሊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ ለአገሯ በነጠላ አጠቃላይ የመጀመሪያዋ ናት። ያኔም «ሩሲያ ብትኖር» ተባለ። 2023 ቫሌንሲያ ላይ ቫርፎሎሜዬቭ አጠቃላዩንም አራቱንም መሣሪያ ወሰደች። 5 ከ5። ፓሪስ ላይ በ17 ዓመቷ ወርቅ፣ ቡልጋሪያዊቷ ቦሪያና ካሌይን ብር፣ ራፋዬሊ ነሐስ። ይሄን ያህል የምታሸንፍ ልጅ ማን ቢመጣ ትሸነፍ እንደነበር በምን እናውቃለን?

ቶኪዮን አስታውሱ እስቲ። ቶኪዮ ላይ ሩሲያውያኑ ነበሩ። ዲና አቬሪና ነበረች፣ እስከዚያ ድረስ የዓለም ሻምፒዮናውን ሦስት ጊዜ ያሸነፈች። ሊኖይ አሽራም በመጨረሻው ሥራ ሪባኗ አመለጣት፣ ያም ሆኖ 107.800 ለ107.650 አሸነፈች። በ0.150። ታዲያ ያን ጊዜ ዝም ተባለ? አልተባለም። «መሣሪያ የጣለች እንዴት ታሸንፋለች» ተብሎ ጩኸት ተነሣ፣ ቅሬታ ቀረበ፣ ፌዴሬሽኑም የዳኝነቱን ውጤት አጸና። አሽራም የሠራችው ከባድ ስለነበረ ነጥቧ ስሕተቱን ተሸከመው፣ ሒሳቡ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ዋናዎቹ ሲቀሩ «አልነበሩም» ይባላል፣ ሲመጡና ሲሸነፉ «ተዘረፉ» ይባላል። ለአሸናፊዋ ምን ቀረላት?

ሪባን_6ሜትር፦

ይሄን ነበር ማለት የፈለግኩት። ከኔ በተሻለ አልሽው።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። ቫርፎሎሜዬቭ የተወለደችው ሩሲያ ነው፣ ባርናውል። በ12 ዓመቷ ነው ወደ ጀርመን የሄደችው። አያቷ ጀርመናዊ ነው። ቫሌንሲያ ላይ ስታሸንፍ ጀርመን ከማን ወዲህ ነው የዓለም አጠቃላይ ሻምፒዮን ያገኘችው? ከካርመን ሪሽለር ወዲህ። 48 ዓመት። ሰው «ማን ያስታውሳታል» ያላት ሪሽለር።

ቁጥር_አይዋሽም፦

ይሄን አላገናኘሁትም ነበር። እውነቴን ነው።

እሺ፣ ሐሳቤን እንዲህ ላስተካክል። ሎስ አንጀለስ የመጡት መካከል የተደረገ ውድድር ነው፣ ሎሪ ፈንግ አሸነፈች፣ ወርቁ ሙሉ ነው። የ1984 ምርጥ ማን ነበረች ብትሉኝ ግን አሁንም ጌኦርጊዬቫ እላለሁ። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ አንድ አድርጌያቸው ነበር የኖርኩት።

የሶፊያ_ወዳጅ፦

በዚህ እኔም እስማማለሁ። ለጌኦርጊዬቫ የሚገባትን ለመስጠት ከሎሪ መንጠቅ አያስፈልግም። ከአሜሪካ አህጉር በነጠላ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች እስከ ዛሬ ሎሪ ብቻ ናት። ለዚያ አህጉር ያለው ትርጉም ቀላል አይደለም።

አዲስ_ተመልካች፦

ከዚህ ሁሉ አንድ ቪዲዮ ብቻ እይ ብትሉኝ የትኛውን ልይ?

ዱላና_ኳስ፦

ካናዬቫን። ሩሲያዊቷን ዬቭጌኒያ ካናዬቫን። እስካሁን ስሟን ሳንጠራ መቆየታችን ራሱ ይገርማል። 2008 ቤይጂንግ ወርቅ፣ 2012 ለንደን ወርቅ፣ በነጠላ ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ናት። 17 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላት። የኳስ ሥራዋን እይ። ኳሱ እጇ ላይ የተጣበቀ ነው የሚመስለው፣ ግን ስትጨብጠው አታይም፤ መጨበጥ በደንቡም ያስቀጣል። መዳፏ ክፍት ነው፣ ኳሱ በራሱ ፈቃድ የተቀመጠ ይመስላል። እኔ 8 ዓመት ያን ለማድረግ ሞክሬ አልቻልኩም።

የምንጣፉ_ዳር፦

ከካናዬቫ ቀጥሎ የ1996ቱን የስፔን ቡድን እይ። አምስቱ ሲወራወሩ የሁሉም እጅ በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈተው።

ቁጥር_አይዋሽም፦

በነገራችን ላይ ለራሴ የምይዘው አንድ ሠንጠረዥ አለኝ፣ ከ1963 ጀምሮ ያሉ አሸናፊዎች በሙሉ። 1984 ላይ ብቻ «ዋናዎቹ አልነበሩም» የሚል ማስታወሻ ጽፌ ነበር። ዛሬ አጠፋሁት። በምትኩ ለሁሉም ዓመት «ያልተገኙ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። 1975፣ ሶቪየት፣ ቡልጋሪያና ምሥራቅ ጀርመን። 1984፣ ቡልጋሪያና ሶቪየት። 1992፣ ኮስቲና። 2024፣ ሩሲያና ቤላሩስ።

1963 ላይ ግን ቆምኩ። 10 አገር ብቻ ነው የመጣው፣ ሁሉም አውሮፓ። ምን ልጻፍ?

ሪባን_6ሜትር፦

«የቀረው ዓለም» ብለህ ጻፍ።